ከ1 እስከ 7፦ የምትወዱትን ዘፈን በቁጥር ኖታ ፒያኖ ላይ ማውጣት

አንድ ዘፈን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ሳህን ስታጥቡ ታንጎራጉሩታላችሁ፤ መንገድ ላይ ታፏጩታላችሁ። ኪቦርድ ፊት ስትቀመጡ ግን እጃችሁ አያውቀውም። ኖታውን ፈልጋችሁ ስታገኙት አምስት መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ጥቋቁር እንቁላሎች ናቸው። «ይሄን ማንበብ እስክችል ዘፈኑ ራሱ ይሰለቸኛል» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

ከዚያ የሆነ ሰው ቀለል ያለ ኖታ ይልክላችኋል። በቁጥር የተጻፈ ነው፦ 5 5 6 5 1 7። አሪፍ! ቁጥር ማንበብ ማንን ያቅታል? ነጫጮቹን ቁልፎች ከ1 እስከ 7 ቆጥራችሁ ትነካካላችሁ። የሚወጣው ግን ዘፈኑን አይመስልም። ስልክ የሚደውል ሰው ነው የሚመስለው።

እናንተም አልተሳሳታችሁም፣ ኖታውም አልተሳሳተም። ቀላል ኖታ የቀለለው ግማሹን ሥራ ትቶ ስለሄደ ነው። የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ይነግራችኋል። ስንት እንደሚቆይ፣ በየትኛው ጣት እንደሚነካ፣ አንዳንዴም ከላይ ይሁን ከታች እንኳ አይነግራችሁም። የጎደለውን የሚሞላው ዘፈኑን አስቀድሞ የሚያውቀው ጆሯችሁ ነው። ሰምታችሁት የማታውቁትን ዘፈን በዚህ ኖታ ለማውጣት ብትሞክሩ የምትደክሙት ለዚህ ነው። የምታውቁትን ግን በደንብ ይወጣል፤ ምን እንደጎደለ ካወቃችሁ።

ለማሳያ የልደቱን ዘፈን፣ «ሃፒ በርዝደይ ቱ ዩ»ን፣ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1893 ለሕፃናት መዝሙር ሆኖ የታተመ የቆየ ዜማ ነው፤ የማያውቀው የለም። ከላይ ያያችኋቸው ስድስት ቁጥሮች የእሱ የመጀመሪያ ስንኝ ናቸው። አሁን አንዴ አንጎራጉሩትና ቁጥሮቹን ተመልሳችሁ እዩዋቸው።

ቁጥሩ የሚያሳየው ቦታን ነው

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር። ብዛቱ ያስፈራል እንጂ በውስጡ የሚደጋገመው 12 ቁልፍ ብቻ ነው፦ 7 ነጭና 5 ጥቁር። ጥቁሮቹን እዩ። ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ሦስት እየሆኑ ይሄዳሉ። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ተጠግታ ያለችው ነጭ ቁልፍ ዶ ናት። ከእሷ ወደ ቀኝ በነጮቹ ላይ ስትሄዱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ትሉና ወደ ቀጣዩ ዶ ትደርሳላችሁ። መሀል ላይ ያለውን ዶ ለማግኘት 88 ቁልፍ ባለው ፒያኖ ከግራ አራተኛውን ዶ ውሰዱ። 61 ቁልፍ ባለው የተለመደ ኪቦርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው።

እዚህ ጋ አንዲት ጣጣ አለች። ድምፆቹን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጠሩም አሉ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። በዚህኛው ሲ ማለት ዶ ናት። በዶ ሬ ሚው ግን ሲ የመጨረሻዋ፣ ሰባተኛዋ ናት። በኛ ፊደል ሲጻፉ ደግሞ አንድ ናቸው። አንዱ «ሲን ንካ» ሲል ሌላው ሌላ ቁልፍ ሲነካ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። እኔ ለድምፆቹ ዶ ሬ ሚን እጠቀማለሁ።

ቁጥሮቹስ? 1 ዶ፣ 2 ሬ፣ 3 ሚ እያላችሁ እስከ 7 መሄድ ትችላላችሁ። ለጊዜው ያዋጣል። የቁጥር ኖታ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። 1 ማለት ዘፈኑ መጥቶ የሚያርፍበት ድምፅ ነው፤ ቤቱ በሉት። ሌሎቹ ከዚህ ቤት ስንት ደረጃ እንደሚርቁ ነው ቁጥሩ የሚናገረው። የልደቱን ዘፈን እስከ መጨረሻው አንጎራጉሩ። የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ «በቃ፣ አለቀ» የሚል ስሜት አለ አይደል? 1 እሷ ናት። ከእሷ በፊት ባለችው ላይ ብታቆሙት በር ከፍቶ እንደመሄድ ነው። ያቺ 2 ናት።

ለዚህ ነው ጥሩ የቁጥር ኖታ አናቱ ላይ «1 = ዶ» ወይም «1 = ፋ» የሚል ነገር የሚጽፈው። ቤቱ የት እንደሆነ ለመናገር ነው። ይሄ ከሌለ ከዶ ጀምሩ። ማንም አይከሳችሁም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ ገና ስሙ ሳይገን፣ እ.ኤ.አ. በ1742 ሙዚቃን በቁጥር የመጻፍ ዘዴ ይዞ ፓሪስ ለሳይንስ አካዳሚው አቅርቦ ነበር። ብዙም አልተቀበሉትም። እሱም ኋላ ስለዚህ ሲጽፍ ከተሰነዘሩበት ትችቶች ውስጥ ያመነበት አንዱን ብቻ ነው፤ የአቀናባሪውን የራሞን። የራሞ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ቁጥር ሲነበብ በየድምፁ አእምሮ ማሰብ አለበት፤ ፈጣን ዜማ ላይ አይደርስም። በመስመር ላይ ያለው ኖታ ግን ዜማው ሲወጣና ሲወርድ ለዓይን በሥዕል ያሳያል። ትክክል ነው። ዛሬም የቁጥር ኖታ ድካሙ እዚያው ላይ ነው። ሆኖም አልሞተም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሌሎች አሻሽለውት ብዙ ሰው መዝሙር ተማረበት፤ ወደ እስያም ተሻገረ። ቻይና ውስጥ ጂያንፑ ይባላል፤ ትርጉሙም «ቀላል ኖታ» ነው።

ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ

አሁን ወደ 5 5 6 5 1 7 እንመለስ። ለምን ዘፈኑን አልመሰለም? የመጀመሪያው ጥፋት ከፍታ ነው። ከዶ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ ስትቆጥሩ 5 ከ1 በላይ ነው። የልደቱ ዘፈን ግን የሚጀምረው ከቤቱ በታች ካለው 5 ነው። ያንን 5 ለመለየት ከቁጥሩ ሥር ነጥብ ይደረጋል። ከላይኛው ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) ከሆነ ደግሞ ነጥቡ አናቱ ላይ ይሆናል። ብዙ ሰው ሲተይብ ነጥቦቹን ይጥላቸዋል፤ ኪቦርዱ ላይ ስለማይገኙ። አንባቢው ደግሞ ሁሉንም አንድ ኦክታቭ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ዜማው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ርዝመት ነው። አንድ ቁጥር ለብቻው ከተጻፈ አንድ ምት ይቆያል። ከጎኑ ሰረዝ ካለ ለእያንዳንዱ ሰረዝ አንድ ምት ይጨመርለታል። ከሥሩ ከተሰመረበት ግማሽ ምት ነው። ዜሮ ዝምታ ነው። ቋሚዋ መስመር ባሩን፣ ማለትም እኩል ምት የሚይዘውን አንዱን ክፍል፣ ትዘጋለች። ከዚህ በላይ ብዙ ሕግ የለም፤ በእውነት።

እኔ እዚህ ለመተየብ እንዲመቸኝ የታችኛውን ነጥብ ከቁጥሩ በፊት አደርጋለሁ፤ ግማሽ ግማሽ ምት የሚወስዱትንም ቅንፍ ውስጥ። ሙሉው ዘፈን ይኸው፤ 1 = ዶ፣ በየባሩ 3 ምት፦

(.5 .5) | .6 .5 1 | .7 – (.5 .5) | .6 .5 2 | 1 – (.5 .5) | 5 3 1 | .7 .6 (4 4) | 3 1 2 | 1 –

ቀስ ብላችሁ እዩት። ዘፈኑ ባሩ ሳይጀምር ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት .5ዎች ከመጀመሪያው ቋሚ መስመር ውጭ ናቸው። መግቢያ ናቸው፤ እግር አንስቶ ደረጃ ላይ እንደመውጣት። ክብደቱ የሚያርፈው .6 ላይ ነው። ራሳችሁን ፈትኑ፦ እያንጎራጎራችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ እጃችሁ ሳታስቡት .6 ላይ ነው የሚጋጨው። «አንድ ሁለት» ብላችሁ ቆጥራችሁ «ሦስት» ላይ .5 .5ን ትነካላችሁ፤ የሚቀጥለው «አንድ» .6 ነው። የመጨረሻው ባር ሁለት ምት ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። ሦስተኛውን መጀመሪያ ላይ ተበድሮታል።

አንድ ሌላ ነገር። ብዙ ሰው ሲዘፍነው ሁለቱን .5ዎች እኩል አያደርጋቸውም። የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው ቁርጥ ይላል። እኔ እኩል አድርጌ ጻፍኳቸው፤ ቀላል እንዲሆን። ቀላል ኖታ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የተጣመመውን ያቃናል። በተለይ የዘመኑ ዘፈኖች ላይ ዘፋኙ ምቱን ጠብቆ አይገባም፤ ትንሽ ይቀድማል ወይም ወደኋላ ይጎተታል። የዘፈኑ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ኖታው ይህን ሁሉ አሰልፎ ያቆመዋል። ታዲያ ማንን እንመን? የትኛው ቁልፍ ነው ለሚለው ኖታውን፤ መቼ ነው ለሚለው አፋችሁን። ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ ስንኙን ሦስት አራት ጊዜ ዝፈኑት። ድምፃችሁ ቢያስጠላም ችግር የለም። ያልዘፈናችሁትን ጣታችሁ አይጫወተውም።

ከቁጥሩ ሌላ ፊደል የተጻፈበት ኖታ አለ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ባለቀለም ጡቦች የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም አሉ። ጡቦቹ ርዝመቱን ያሳያሉ፤ ለዚያ ጎበዞች ናቸው። እኔ ግን አንድ ዘፈን በጡብ ብቻ ተምሬ ታዝቤያለሁ። ሙሉውን እጫወተዋለሁ፤ ሰው መሀል ላይ ካቋረጠኝ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብኝ። የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል፣ የመንደሩን ስም ግን አያውቁም። ቁጥር ላይ እንዲህ አይሆንም። «ከ5 ወደ 3 ወደ 1 እየወረድኩ ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ።

ሁለት ዓይነት 1

ጀማሪን በጣም የሚያምታታው ይሄ ነው። ፒያኖ ላይ ጣቶችም ቁጥር አላቸው። አውራ ጣት 1፣ ሌባ ጣት 2፣ የመሀል ጣት 3፣ የቀለበት ጣት 4፣ ትንሿ ጣት 5። በሁለቱም እጅ እንዲሁ ነው። ኖታው ላይ ከድምፅ ቁጥሩ አጠገብ የጣት ቁጥር ከተጻፈ ዓይን ይደናገራል።

የባሰው ደግሞ አንዳንዴ ሁለቱ ይገጥማሉ። አውራ ጣታችሁን ዶ ላይ አድርጋችሁ አምስቱን ጣት በአምስት ነጭ ቁልፍ ላይ ስትደረድሩ የጣትና የድምፅ ቁጥር አንድ ይሆናሉ። የልደቱ ዘፈን አራተኛው ስንኝ፣ 4 4 3 1 2 1፣ ልክ እንዲሁ ነው። ድምፁን አንብባችሁ የዚያኑ ቁጥር ጣት ብትጠቀሙ ይሠራል። አንድ ዘፈን እንዲህ ሲገጥም ሰው ሕግ ይመስለዋል። ቀጥሎ .5 ሲመጣ ትንሿ ጣት ወደ ግራ ልትዘረጋ ትሞክራለች። እጅ ይጠማዘዛል፤ ዘፈኑ ይቆማል።

የልደቱን ዘፈን በቀኝ እጅ እኔ የምጫወተው እንዲህ ነው። አውራ ጣቴን .5 ላይ አደርጋለሁ፤ ማለትም ከመሀሉ ዶ በታች ያለው ሶል ላይ። ሌሎቹ ጣቶች ተከታትለው .6፣ .7፣ 1 እና 2 ላይ ያርፋሉ። የመጀመሪያው ስንኝ እጅ ሳይንቀሳቀስ ያልቃል፦ አውራ፣ አውራ፣ ሌባ፣ አውራ፣ ቀለበት፣ መሀል። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ መጨረሻው ብቻ ትንሿና ቀለበት ይሆናል።

ሦስተኛው ስንኝ የስም መጥሪያው ነው፤ ፈተናውም እሱ ነው። ከ.5 ወደ 5 ሙሉ ኦክታቭ ይዘላል። አውራ ጣት ታች፣ ትንሿ ጣት ላይ፤ እጅ እንደ ድልድይ ይከፈታል። ከዚያ ሲወርድ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። 5፣ 3፣ 1፣ .7፣ .6 አምስት ድምፅ ናቸው፤ አምስት ጣት አላችሁ። ከትንሿ ጀምራችሁ በተራ እስከ አውራ ጣት ትወርዳላችሁ። እጁ ቀስ በቀስ ወደ ግራ እየተጠጋ ይዘጋል። ከዚያ ለ4 4 ወደ ቀኝ ትዘሉና የቀለበት ጣታችሁን ፋ ላይ ታሳርፋላችሁ።

የጣቱን ቁጥር እርሳስ ይዛችሁ በክብ ውስጥ ጻፉት፤ ከድምፁ እንዲለይ። ሁሉንም አትጻፉ፤ እጅ ቦታ የሚቀይርባቸውን ብቻ። እዚህ ዘፈን ላይ ሁለት ቦታ ይበቃል።

ቁልፎቹ ላይ ስለሚለጠፉት ስቲከሮች የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔ ዶዎቹ ላይ ብቻ ልጠፉ ባይ ነኝ። ሁሉም ላይ ከለጠፋችሁ ዓይናችሁ የጥቁሮቹን ሁለት ሦስት፣ ሁለት ሦስት አደራደር ማየት ይተዋል። ፒያኖ ላይ ካርታው እሱ ነው።

ግራ እጅ

ቀኝ እጃችሁ ዜማውን ሳይደናቀፍ ሲያወጣ ግራ እጅን አምጡ። ከዚያ በፊት አይደለም።

ቀላል ኖታ ላይ ግራ እጅ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ከዜማው በላይ የኮርድ ስም ብቻ ይቀመጣል፤ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ እየተባለ። (ኮርድ ሲሆን ሁሉም በፊደል ነው የሚጠራው፤ ሲ ኮርድ ማለት የዶ ኮርድ ነው። ያቺ ጣጣ እንደገና!) ኮርድ ማለት አንዱን እየዘለላችሁ የምትነኳቸው ሦስት ድምፆች ናቸው። የ1 ኮርድ 1 3 5 ነው። የ4 ኮርድ 4 6 1፤ የ5 ኮርድ 5 7 2። የ6 ኮርድ 6 1 3 ሲሆን ይሄኛው ማይነር ነው፤ ከሌሎቹ ቆዘም ይላል። በነዚህ አራት ኮርዶች ብቻ የሚሄደው ዘፈን ስፍር ቁጥር የለውም። 1፣ 5፣ 6፣ 4 እያለ የሚዞረውን ዙር አንዴ ከለመዳችሁ ሬዲዮ ስትሰሙ «ያው ነው እኮ!» ትላላችሁ።

የልደቱ ዘፈን የሚፈልገው ሦስቱን ብቻ ነው። ባር በባር፦ 1፣ 5፣ 5፣ 1፣ 1፣ 4፣ ከዚያ ሰባተኛው ባር ላይ 1 ሆኖ 2 የምትነካዋ ሦስተኛ ምት ላይ ወደ 5 ይለወጣል፤ መጨረሻው 1። መጀመሪያ ሦስቱንም ድምፅ አትንኩ። በየባሩ መነሻ ላይ በግራ እጅ የኮርዱን ስም ድምፅ ብቻ፣ አንዷን ጣት። ይህም ብቻውን ሙዚቃ ነው። ሲለምድ ደግሞ «አንድ» ላይ ያቺን ድምፅ ታች፣ «ሁለት ሦስት» ላይ የቀሩትን ሁለቱን አንድ ላይ መንካት ትችላላችሁ። ወዲያው የዳንስ ዜማ ይሆናል።

አንድ ግጭት ይገጥማችኋል። የግራው 1 3 5 ከመሀሉ ዶ በታች ካለው ዶ ሲጀምር የላይኛዋ ድምፅ ሶል ናት። የቀኝ እጃችሁ አውራ ጣትም እዚያችው ሶል ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ጣት ለአንድ ቁልፍ! መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀኝ እጁን በሙሉ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ውሰዱት። ቁጥሮቹ አይለወጡም።

ሌላም ግራ የሚያጋባ አለ። ስድስተኛው ባር ላይ ግራ እጅ የ4 ኮርድ ሲይዝ ቀኝ እጅ .7 ይነካል። .7 እዚያ ኮርድ ውስጥ የለም። ይኮመጥጣል። «የተሳሳተ ቁልፍ ነካሁ» ብላችሁ እጃችሁን ታነሳላችሁ። አልተሳሳታችሁም፤ ጠብቁ። ቀጥሎ የሚመጣው .6 ኮርዱ ውስጥ አለ፤ ኮምጣጣው ይሟሟል። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ያለው ያ የመንሰፍሰፍ ስሜት ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስለ ልምምድ ጥቂት

ሁሉም ሰው ዘፈኑን ከመጀመሪያ ይጀምራል። ሲሳሳት ተመልሶ ከመጀመሪያ ይጀምራል። በሳምንቱ መጀመሪያው እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ መጨረሻው ግን ገና ጥሬ ነው። ገልብጡት። መጀመሪያ የመጨረሻውን ስንኝ ተለማመዱ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ጨምራችሁ ወደ መጨረሻው ሂዱ። ሁልጊዜ ወደምታውቁት እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው።

የምትደናቀፉበትን ደግሞ ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ስንኙ ውስጥ አይደለም፤ መጋጠሚያው ላይ ነው። እዚህ ዘፈን ላይ ከ.6 ወደ 4 የሚዘለው ቦታ ነው። ስለዚህ እሷን ብቻ ነጥሉ፦ .7 .6 (4 4) 3፣ እንደገና .7 .6 (4 4) 3። አሥር ጊዜ። በጣም ቀስ ብላችሁ፤ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ካላችሁ በደቂቃ 60 ምት ላይ። በዚያም ፍጥነት ከተሳሳታችሁ አሁንም አልዘገያችሁም። በቀን 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ፤ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ፔዳሉን ተዉት፤ ስህተትን ሳሙና እንደቀባ ያለሰልሳል፣ ጆሯችሁም አይሰማውም።

ቤት ሲቀየር

አሁን የቁጥር ኖታ ትርፉ የሚታይበት ጋ ደረስን። ከ1 = ዶ ተምራችኋል፤ ዘፋኙ ግን «ለኔ ወርዶብኛል፣ ከፍ አድርገው» አለ። በፊደል የተማረ ሰው ሁሉንም ስም መቀየር አለበት። እናንተ የምትቀይሩት አናቱ ላይ ያለችውን መስመር ነው። 1 = ፋ በሉ። ቁጥሮቹ እንዳሉ ይቆያሉ።

ቁልፎቹ ግን ይለወጣሉ፤ ለዚህ አንድ መለኪያ ያዙ። ጥቁርና ነጭ ሳትለዩ ተጎራባች ቁልፎችን በሙሉ ስትቆጥሩ ከ1 ወደ 2 ሁለት ቁልፍ ነው፤ ከ2 ወደ 3 ሁለት፤ ከ3 ወደ 4 አንድ፤ ከዚያ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፤ ከ7 ወደ ላይኛው 1 አንድ። ድምሩ 12፤ ሙሉ ኦክታቭ። ከዶ ስትጀምሩ ሁሉም ነጭ ላይ የሚውለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ነጮቹ የተደረደሩት እንዲሁ ሆኖ ነው። ከፋ ስትጀምሩ ግን 4 ነጭ ላይ አትውልም። ከሲ (ከሰባተኛዋ) በስተግራ ባለችው ጥቁር ላይ ትወድቃለች፤ ሲ ፍላት ትባላለች።

ለልደቱ ዘፈን 1 = ፋ ይመቻል። .5 የመሀሉ ዶ ይሆናል፤ ላይኛው 5 ቀጣዩ ዶ። ሦስቱን ስንኝ ሁሉ ነጭ በነጭ ትሄዳላችሁ። አራተኛው ስንኝ ላይ 4 4 ሲመጣ ጥቁሯን ካልነካችሁ ዘፈኑ ይንጋደዳል፤ ልደቱን የሚያከብረው ሰውም ዞር ብሎ ያያችኋል። ኪቦርዳችሁ ትራንስፖዝ የሚል በተን ካለው ይህን ሁሉ ይሠራላችኋል። ስትጣደፉ ተጠቀሙበት፤ ፒያኖ ላይ ግን ያ በተን የለም።

ቁጥሩ የማይችላቸው ዘፈኖችም አሉ። በአንድ እጅ ሁለት ሦስት ዜማ አብሮ ሲሄድ፣ ወይም ድምፆቹ እንደ ዝናብ ሲወርዱ ቁጥሩ ይጨናነቃል፤ የራሞ ትችት እዚያ ጋ ይመጣል። ያን ጊዜ አምስቱ መስመር ይሻላል። ደግሞም ያን ያህል ባዕድ አይሆንባችሁም። የምታውቁትን ዘፈን በመስመር የተጻፈውን አውጡና ከቁጥሩ ጎን አስቀምጡት። ከ.5 ወደ 5 የሚዘለው ቦታ ላይ እንቁላሏ ከታች ወደ ላይ ስትወረወር ታያላችሁ።

የምር ቀን ሲመጣ የሚሆነውን ግን ልንገራችሁ። ኬኩ ይገባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ እናንተን ሳይጠብቅ ይጀምራል። በየትኛው ኪ፣ ማለትም ቤቱን የት አድርጎ? በማንም ኪ። ያን ጊዜ አትደንግጡ፤ የጀመሩበትን ድምፅ አንጎራጉራችሁ ኪቦርዱ ላይ ፈልጓት። እሷ .5 ናት። ከእሷ ወደ ቀኝ ጥቁሩንም ነጩንም አምስት ቁልፍ ቁጠሩ፤ አምስተኛው 1 ነው። ቤቱን አገኛችሁት። በግራ እጅ እሱን ብቻ ያዙና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቀላቀሉ። በጣም ከፍ አድርገው ከጀመሩት ደግሞ ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ከ.5 ወደ 5 ሲዘሉ፣ ግማሹ ሰው ድምፁ ተሰብሮ ይስቃል። እናንተ ትንሿን ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ቀጥሉ።